የተውሶ እጅ

ዘሪቱን ዩኒቨርሲቲ ከፍሎ የሚያስተምራት የተርባይን ፋብሪካ፣ የሟች ባለሙያን የእጅ ልምድ ወደ ተማሪ ማስተላለፍ እውቀት ይጨምራል እንጂ ምንም አይቀንስም ይላል። አባቷ፣ ሸማኔው አቶ ኦይሳ ግን፣ ልጄ እጇን ጥላ መጣች ይላሉ።

ለእረፍት ስትመጣ እንደ ልጅነቷ መሸመኛው ላይ ተቀምጣ መወርወሪያውን ወረወረች። ወደቀባት። ደገመች፤ ደግሞ ወደቀ።

«አባዬ፣ እጄ ረሳው» አለች ቀስ ብላ።

አፍራ ወደ ጓሮ ወጣች። ከተበላሸ ሦስት ዓመት የሆነውን የውሃ ፓምፕ ፈታታችው። ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ጫፍ ብቻ ስንጥቁን አገኘችው። እንደ አዛውንት ረጋ ብላ ገጠመችው፤ ፓምፑ ውሃ ተፋ። አቶ ኦይሳ እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጫኑ።

«የማን እጅ ነው ይሄ?»

«የጋሽ ደምሰው፤ ሳይሞቱ ፋብሪካው የቀዳው። ሠላሳ ዓመት ተርባይን ጠግነዋል። ከሞቱ ስድስት ዓመታቸው ነው።»

«እንዲህ እየሠራ? ታዲያ የቱ ጋ ነው የሞተው?»

ከልጆቻቸው ሽመና የቀጠለ አንድም የለም። አቶ ኦይሳ የገዛ መዳፋቸውን አገላብጠው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ወደ ፋብሪካው ስትመለሺ አብሬሽ እሄዳለሁ» አሉ። «የእኔንም እጅ ይቅዱት።»