በቁልፍ የማይጠፋው መርሴዲስ

የዱካሞ መርሴዲስ በቁልፍ አይጠፋም። ቁልፉን ነቅለህ ኪስህ ብትከተው እንኳ ሞተሩ ማን ይነካኛል ብሎ ማጓራቱን ይቀጥላል።

ጥፋቱ የሠሪዎቹ አይደለም። ጀርመኖች ያንን የድሮ የናፍጣ ሞተር ሲሠሩ፣ የሚጠፋው በኤሌክትሪክ ሳይሆን በአየር እንዲሆን አደረጉ። ቁልፉ ሲዞር በአንዲት ቀጭን የጎማ ቱቦ አየር ይሳብና ናፍጣው ይዘጋል። መኪናው አርባ ዓመት አልፎታል፤ ጎማ ደግሞ ያረጃል። ቱቦዋ ስለተሰነጠቀች ዱካሞ በቆመ ቁጥር ወርዶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ሞተሩን በእጁ ያጠፋል።

ተሰዶ ሱቅ በከፈተበት በዱርንፎንቴን ሰፈር መካኒክ ሞልቷል፤ ዱካሞ ግን አላስነካም። ታናሽ ወንድሙ ዮአብ ሆሳዕና ጋራዥ ውስጥ ያደገ ልጅ ነው። የሞተሩን ድምፅ በስልክ ሰምቶ፣ "ጋሼ፣ ቱቦ ናት። ማንም እንዳይነካት፣ መጥቼ እኔው እቀይራታለሁ" ብሎታል።

ዮአብ ተነሥቷል። የዱካሞ የአገሩ ልጅ የኤርጎጌ ባል ማናሴ ለአባቱ ቀብር አገር ቤት ደርሶ ሲመለስ፣ ሁለቱ በአንድ ሎሪ ተጭነው ማላዊ ደርሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ የሁለቱም ስልክ አይጠራም። ዱካሞ እንቅልፍ አጥቷል፤ ሱቁ ውስጥ ዳቦ ለጠየቀው ሳሙና ይሰጣል። እናቱ "አንዱን እንኳ ተዉልኝ" ብላ ስትለምን፣ "ግድ የለሽም" ብሎ ልጁን ያስነሣው እሱ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ሱቅ ሳይከፈት፣ ፓስተር አጵሎስና ጎረቤቱ ሱሩር በሩን አንኳኩ።

"ከሎሪው አንድ ሰው አርፏል" አሉ ፓስተሩ። "ኤርጎጌ ቤት እንሂድ። መኪናህን አምጣ።"

ዱካሞ ግድግዳ ተደገፈ። ኤርጎጌ ቤት። መርዶ የሚሄደው ወደ ሐዘንተኛው ደጅ ነው፤ እንግዲያው ማናሴ ነው። ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ፣ እንኳን የእኔ አልሆነ አለ በልቡ። ወዲያው በራሱ አፈረ። ያንን ሁሉ ሕፃን ይዛ ምን ልትሆን ነው?

"ቁርስ በልተሃል?" አሉት ፓስተሩ።

"ምን ቁርስ አለ ፓስተር፣ ሰው ሞቶ።"

"ቀኑ ረጅም ነው።" ጥግ ላይ ከምትጠብሰው ሴትዮ ትኩስ ማግዊንያ፣ የአገሬውን ቦምቦሊኖ፣ ገዙለትና እስኪጨርስ አጠገቡ ቆሙ።

ሱሩር መኪናውን "ሽማግሌው" እያለ የማያላግጥበት ቀን የለም። ዛሬ አላላገጠም። "እኔ ልንዳ" አለ።

"አትችለውም፣ ጠባዩን የማውቀው እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ስልክህን ስጠኝ። እየነዳህ አትነጋገር።"

ሰጠው። ያ ከባድ መኪና የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ ሳያንገጫግጭ እየዋጠ ወደ ኤርጎጌ ሰፈር ወደ ሮዘተንቪል ወረደ።

"ማነው የሚነግራት?" አለ ዱካሞ።

"እኔ ነኝ የምናገረው" አሉ ፓስተሩ።

"ቀስ ብለው ይሁን፣ ፓስተር። እንዳትወድቅ ግራና ቀኝ ሰው ይቁም። ውሃም ይያዝ።"

"ይዣለሁ" አለ ሱሩር ከኋላ።

"ዮአብ ይኼኔ ታስሮ ነው። እስረኛ ስልክ ከየት ያመጣል?" ዱካሞ መሪውን ጨበጥ ለቀቅ አደረገ። "ብቻ ይምጣልኝ። መጀመሪያ ይቺን ቱቦ ነው የማስቀይረው።"

"ወደ ግራ" አሉ ፓስተሩ። ቤቱን ዱካሞ ከሳቸው ይበልጥ ያውቀዋል።

በአጥሩ ብረት መሃል የተደረደሩ የፕላስቲክ ወንበሮች ታዩ። ጥቁር የለበሱ ሴቶች ተቀምጠዋል።

"ገና ሳትረዳ ወንበር ይደረደራል?" አለ ተቆጥቶ። "ትነቃለች እኮ!"

ቁልፉን ነቀለ። ሞተሩ እንደ ልማዱ ያጓራል። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተና እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ።

"ተወው፣ ይሥራ" አሉት ፓስተሩ፣ ክንዱን ይዘው። ሱሩር የውሃ ጠርሙስ እንደያዘ በሌላው ጎኑ መጥቶ ቆመ።

የግቢው በር ሲጢጥ አለ። ዱካሞ ለኤርጎጌ የሚላት ቃል እየፈለገ ቀና አለ።

በሩን የከፈተው ማናሴ ነበር።