የዘይቱ ጣሳ

የነዳጅ ወጪዋን ሙሽሮችን በማንሸራሸር የምትሸፍነው አሮጌ አውሮፕላን አዲሶቹን ተጋቢዎች ይዛ ከጨፋ ሜዳ ስትነሳ አጃቢው እልል አለ። የሰንበቴ ገበያ መንገድ ዘግቶባት ዘግይታ የደረሰችው መካኒክ ነዋል፣ አውሮፕላኗ ካደረችበት ቦታ ከሞተሩ ሥር የሚቀመጠውን የዘይት መቀበያ ጣሳ አነሳች። ደረቅ ነበር።

«አልሐምዱሊላህ፣ ዳነችልን!» አላት ሙጂብ። በየጁምዓው ባጃጁን አቁሞ አውሮፕላኗን በፍቅር የሚያጥባት እሱ ነበር። «ሌሊቱን አንዲት ጠብታ አልጣለችም። አብራሪውን ‹ጣሳው ሰላም ነው› አልኩት፤ ደስ ብሎት ሄደ።»

የአውሮፕላኗ ዘይት መለኪያ ከተበላሸ ቆይቷል፤ መለዋወጫ ስላልተገኘ የሚያምኑት ጣሳውን ነበር። ዘይት እያላት ሳታንጠባጥብ አድራ አታውቅም። ነዋል ጣቷን በጣሳው ውስጥ አዞረች። አቧራ ብቻ ይዞ ወጣ።

አውሮፕላኗ ከቦርከና ወንዝ በላይ ታጥፋ ተመለሰች። ዝቅ ብላ ስታልፍ የሞተሩ ድምፅ ሻክሯል። ነዋል ሜዳው መሀል ሮጣ «ውረዱ! ውረዱ በአላህ!» እያለች ሻርፗን አውለበለበች። አጃቢውም ተከትሏት ኩታውን እያውለበለበ ይጨፍር ጀመር። ሙሽራዋ ከላይ እየሳቀች እጇን አውለበለበችላቸው፤ አብራሪውም ለደስታቸው አንድ ዙር ሊጨምርላቸው አውሮፕላኗን ወደ ላይ አቀናት።