አናጢ ቤት የተጻፈ ተቃውሞ

መምህሩ ማንበብ እንዲችሉ ባለቤቴ የመላጊያ ማሽኑን ያጠፋል። ከጠረጴዛው ላይ ሰጋቱራውን በመዳፉ ጠርጎ ለወረቀቱ ቦታ ይለቅላቸዋል። ጎረቤቶቻችን በተደረደረው ጣውላ ላይ ተቀምጠዋል። ይህን ሁሉ ሰው የሚይዝ ሌላ ቤት በሰፈሩ ስለሌለ ስብሰባ በተባለ ቁጥር የሚመጡት እኛ ጋ ነው።

ማዘጋጃ ቤቱ ሰፈራችንን ከ«መኖሪያ» አውጥቶ «ቅይጥ» ሊያደርገው ነው። ቅይጥ ማለት ምን እንደሆነ ከድልድዩ ማዶ አይተናል። የጭነት መኪና ሌሊቱን ሙሉ የሚያራግፍበት መጋዘን፣ ያውም በልጆች መኝታ መስኮት ሥር። ተቃውሞ ያለው እስከ ነገ ጠዋት ያስገባ ተብሏል። ማስታወቂያው ከተለጠፈ ወር አልፎታል፤ እኛ ግን የተሰበሰብነው ዛሬ ነው።

መምህሩ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚጻፍ ነገር ሲያገኙ ወጣትነታቸው ይመለሳል። ጉሮሯቸውን ጠራርገው ይጀምራሉ።

«አንደኛ፣ የመንገዱ ጥበት። ሁለተኛ፣ የሕፃናት ደኅንነት። ሦስተኛ፣ ሰፈራችን ለመኖሪያ ብቻ እንዲሆን፣ ድምፅ የሚያወጣ ማሽን ወይም አቧራ ያለበት ማናቸውም የሥራ ቤት እንዲከለከል፣ ያለውም እንዲነሳ።»

«ይሄ ነው እንጂ! ኩም ነው የሚያደርጋቸው!» ይላል የታክሲ ሹፌሩ።

ሁሉም ያጨበጭባል። እኔም አብሬ አጨበጭባለሁ። ወንበር ስቀባ ስለነበር እጄ በቫርኒሽ ይጣበቃል።

መጀመሪያ የነቃችው አዋላጇ ናት።

«እንዴ! ቆይ እስቲ ጋሼ፣ ያለውም ይነሳ ነው ያሉት?» በአገጯ ማሽኑን ታሳያለች። «ይሄስ?»

ሁሉም ዞር ብሎ ማሽኑን ያያል። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በዚህ ማሽን ጩኸት ቁርሳቸውን በልተዋል፤ አልጋቸውንና በራቸውን አሠርተውበታል። ባለቤቴ የሥራ ቤት ያለው ሰው መሆኑ ግን ትዝ ብሏቸው አያውቅም፤ ጎረቤት ነዋ! ለነገሩ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ፈቃድ የለንም። እስከ ዛሬ የጠየቀንም የለም።

«ሦስተኛውን አውጡታ፣ ምን ችግር አለው?» ይላል ሹፌሩ።

«እሱ ከወጣማ ምን ቀረን?» መምህሩ ግንባራቸውን ይጠርጋሉ። «ሄጄ ጠይቄያለሁ እኮ። መንገዱ ጠባብ ነው ብትላቸው እናሰፋዋለን ብለው አጥርህን ይወስዱታል። እነሱን የሚይዛቸው ሦስተኛው ብቻ ነው። የሥራ ቤት ወይ ይፈቀዳል ወይ አይፈቀድም፤ ትንሽ ትልቅ ብለው አይለዩም።» ወደ እኔ ይዞራሉ። «እግዜር ምስክሬ ነው ልጄ፣ ስጽፈው በሐሳቤም አልመጣ።»

«እና እኛ የት እንግባ ጋሼ?» ድምፄ ካሰብኩት በላይ ይወጣል። «ይሄ ማሽን ቆመ ማለት ጉሮሯችን ተዘጋ ማለት ነው። ሦስት ልጅ በምን ላሳድግ?»

«ተይ አንቺ» ይላል ባለቤቴ።

«ምኑን ነው የምተወው?»

አዋላጇ የተቀመጠችበትን ጣውላ በጥፍሯ ትፍቃለች። ሦስቱንም ልጆቼን የተቀበለችው እሷ ናት። እዚህ ሰፈር መጋዘን ሊሠራበት ከታሰበው ባዶ ቦታ ጋር ደግሞ ቤቷ አጥር ለአጥር ነው። አይፈረድባትም እላለሁ በልቤ። ግን ፈርጄባታለሁ።

«እንግዲህ በድምፅ ብልጫ እንጨርሰው» ይላሉ መምህሩ ቀስ ብለው። «እንዳለ ይግባ የሚል እጁን ያውጣ።»

አንድም እጅ አይወጣም። አንዱ ጫማውን ያያል፣ ሌላው ጣሪያውን። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኛል። እንዲህ ማፈራቸው አንጀቴን ያርሰዋል።

ያኔ ባለቤቴ እጁን ያወጣል፣ ክንዱ ድረስ ሰጋቱራ እንደለበሰ።

«ኧረ አውጡ!» ይላቸዋል። «ነገ ጠዋት እኮ ነው።»

ከዚያ በኋላማ ማን ይቀራል። ሹፌሩ ያወጣል፣ ከኋላው ያሉትም ይከተላሉ። አዋላጇ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ከሁሉም መጨረሻ ታወጣለች።

መምህሩ ይቆጥሩና ይጽፋሉ።

«የሚቃወም?» ይላሉ ከወረቀቱ ቀና ሳይሉ። ለደንቡ ያህል ነው።

እጄን አወጣለሁ። ባለቤቴ የራሱን ገና አላወረደም፤ ክንዱ ክንዴን ይነካኛል።

«አንድ» ይላሉ መምህሩ።