መብራት ሄደ

ኢንተርኔት የሚከፍት ቴሌቪዥን በሰፈሩ ያላቸው ኦቦ ሂርጳ ብቻ ነበሩ። ከቀትር ጀምሮ የጎረቤቱን ልጆች ሁሉ የአሥረኛ ክፍል ውጤት ሲያዩ ውለው፣ ሪሞቱን የሚጫነው አውራ ጣታቸው ዝሏል። የአምቦ ነሐሴ ቤቱን ስላጨለመው አምፖሉ በርቷል፤ ሶፋው፣ ዱካው፣ ምንጣፉ ሳይቀር ሰው ሞልቶታል። የቀረው የመፈተኛ ቁጥር የገዛ ልጃቸው የጃለኔ ነበር።

ቁጥሩን አንድ በአንድ አስገቡት። ገጹ እንደ ልማዱ እየተንቀረፈፈ ከላይ ወደ ታች ተከፈተ። መጀመሪያ ስሟ መጣ። እንግሊዝኛ፣ ኤፍ። ሒሳብ፣ ኤፍ። ጃለኔ የሹራቧን እጅጌ ነከሰች። ሦስተኛው መስመር ብቅ ሳይል ኦቦ ሂርጳ ጎንበስ ብለው የቴሌቪዥኑን ሶኬት ከግድግዳው ነቀሉት።

«መብራት ሄደ» አሉ፣ ወደ ሰዉ ሳይዞሩ።

አምፖሉ ግን ከራሳቸው በላይ ቦግ ብሎ ይበራ ነበር። ሁሉም አየው። ልጃቸው ስላለፈ ቅድም እልልታቸውን ያቀለጡት ጎረቤት፣ አዴ ሽታዬ፣ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ወደ ማብሪያው ሰደዱና ቀጭ አደረጉት።

«እውነትም ሄደ» አሉ በጨለመው ቤት ውስጥ። «በሉ ተነሱ፣ እንሂድ።»