ወረፋ ላይ የቀረች አንዲት ገጽ

የኮሌጁ የኮምፒውተር ባለሙያ ማናልሞሽ «ሰርዝ» የሚለውን ለሦስተኛ ጊዜ ተጫነች። ምንም የለም። የኮሌጁ አምስት ቢሮዎች በአንድ ሰርቨር በኩል በአንድ ትልቅ ፕሪንተር ነው የሚያትሙት፤ ከፊት የዲኑ ባለ ሦስት መቶ ገጽ ሪፖርት ተቀርቅሮ፣ ከኋላው ሃያ ሁለት ሥራ ተሰልፏል።

«እምቢ አለ?» አለች ሆሳዕና ከጀርባዋ።

ሆሳዕና ባለፈው ወር ነው የተመረቀችው። ጂማ የወጣው የሥራ ምዝገባ ነገ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል፤ ያለ ቴምፖ፣ ያለ ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ፣ አይቀበሏትም። የሬጅስትራሩ ይትባረክ ጠዋት ቴምፖዋን ሠርቶ «ለፕሪንተር ልኬዋለሁ፣ ሲወጣ አስፈርሚ» ብሏት፣ ቢሮውን ቆልፎ ቴፒ ለቅሶ ሄዷል። ስልኩ አይገባም። የጂማ የመጨረሻው መኪና ሰባት ሰዓት ላይ ይነሳል። አሁን ስድስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ነው።

ሌላ ቀን ቢሆን ማናልሞሽ ሁሉንም አጥፍታ «እንደገና ላኩ» ትል ነበር። የዚህችን ልጅ ወረቀት ግን እንደገና የሚልክ ሰው የለም።

የማናልሞሽ ስልክ ጠራ። የልጅቷ አባት ናቸው፤ የልጅቷ ስልክ ባትሪ ስለጨረሰ በዚህ ነው የሚደውሉት። ከሸዋ ቤንች ጠዋት ገብተው መናኸሪያ ወንበር ይዘውላታል።

«ልጄ፣ ሹፌሩ ሞተር አስነሳ።»

«ትንሽ ያቆዩልኝ፣ አባቴ» አለች ማናልሞሽ።

«አንድ እግሬ መኪናው ላይ ነው፣ አንዱ መሬት ነው። በሩን እንዴት ይዘጋል? እኔ አለሁ።»

ማናልሞሽ የሕትመቱን አገልግሎት አስቆመችና ሥራዎቹ የሚጠራቀሙበትን ፎልደር ከፈተች። ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ። ትልቁን ፋይል መረጠች።

«እሱን እንዳትነኪ!» የዲኑ ጸሐፊ አስረስ በር ላይ ቆሟል። «ሪፖርቱን የሚያዩት እንግዶች ስምንት ሰዓት ይገባሉ።»

«ወረፋውን የዘጋው እሱ ነው፣ አስረስ። ከኮምፒውተርህ እንደገና ትልከዋለህ።»

«ዲኑ ቢጠይቁኝስ?»

«ማናልሞሽ አጠፋችው በላቸው።»

አጠፋችው። የቀሩትን ሃያ ሁለቱን ወደ ሌላ ፎልደር አሸሸች፤ በተራ ቢወጡ ልጅቷን መኪናውም፣ ሥራውም ያመልጣታል። ይትባረክ የላከው ሦስት ሰዓት አካባቢ ነው፤ በዚያ ሰዓት የገቡ አራት ትንንሽ ፋይሎች አሉ። አንዱን መልሳ አገልግሎቱን አስነሳች።

ፕሪንተሩ አጉረመረመ። የወጣው የስብሰባ ጥሪ ነው። ሆሳዕና ከትሪው አንስታ አየችውና ወንበር ላይ ጣለችው።

ሁለተኛው የፈተና ጥያቄ ነበር። ማናልሞሽ ከልጅቷ እጅ ቀምታ ገለበጠችው። «ይህን አላየሽም።»

«ምኑን ልይ? ዓይኔ መች ያያል!»

ስድስት ሰዓት ከሃምሳ። ሦስተኛውን መለሰች። ፕሪንተሩ ዝም አለ። አስረስ ሪፖርቱን ረስቶ፣ አንገቱን አስግጎ ትሪውን ያያል። ከፕሪንተሩ ሆድ ውስጥ የሆነ ነገር ተሽከረከረ፤ ወረቀቱ በራሱ ጊዜ፣ ዝግ ብሎ ወጣ። መጀመሪያ የኮሌጁ ዓርማ፣ ከዚያ ስም፦ ሆሳዕና አሞጽ።

ልጅቷ ወረቀቱን በሁለት እጇ አንስታ እንደ ትኩስ ምግብ እፍ አለችበት።

አስረስ ነው ቀድሞ የሮጠው። «ወይዘሮ አሰጋሽ! ማኅተሙን አይቆልፉት!» ድምፁ ፈርመው ማኅተም ወደሚያደርጉት ሴትዮ ቢሮ በሚወስደው ኮሪደር አስተጋባ። ሆሳዕናም ተከተለችው፤ ደህና ሁኚ እንኳ አላለችም።

ማናልሞሽ ብቻዋን ቀረች። አሥራ ዘጠኝ ፋይል ይጠብቃታል፤ ግን አንዱንም መክፈት አልቻለችም። ተነሳች፣ ተቀመጠች። ሰባት ሰዓት ሆነ። ሰባት ሰዓት ከአምስት። ስልኩ ጠርቶ ሳያልቅ አነሳችው።

«አየኋት» አሉ አባትየው። «ከባጃጅ ወረደች። ወረቀቱ እጇ ላይ ነው። እየሮጠች ነው፣ ልጄ።»

ከዚያ እሷን ማናገር ተዉ፤ ስልኩን ግን አልዘጉትም። ረዳቱ ሲጮህ ይሰማታል። የጫማ ኮቴ፣ የልጅቷ ትንፋሽ፣ «አባ፣ ውረድ፣ ገባሁ፣ ገባሁ» ስትል። በሩ ተዘጋ። ሞተሩ ጎልቶ ተሰማ፣ ራቀ፣ ጠፋ።

የቀረው የሰውየው ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ብቻውን መንገድ ዳር የቆመ ሰው ትንፋሽ፣ ከሳግ ጋር። ማናልሞሽ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች አብራቸው ቆየች።