የአሥራ አራተኛው ክፍል ስልክ

የወሩ ሪፖርት ጠረጴዛዋ ላይ ሲደርስ፣ ራድያ ካለፈው ወር ድካም ገና አልወጣችም ነበር። የጤና ተቋማትን ኔትወርክ ከቱኒስ ሆኖ በሚቆጣጠረው በዚህ መሥሪያ ቤት ዓምና ዘጠኝ ቴክኒሻኖች ነበሩ። ዛሬ በእሷ ሥር የቀሩት ሁለት ናቸው። የሌሎቹን ሥራ አንድ ፕሮግራም ወስዶታል፤ ከወንበር ሳይነሱ በአገሩ ሁሉ ላሉ ስድስት መቶ መሣሪያዎች ትእዛዝ ያደርሳል። ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳዘዘም ይመዘግባል።

ሪፖርቱ እንደሚለው፣ በደቡብ፣ ታታዊን ከተማ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ የአሥራ አራተኛው ክፍል ስልክ በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ሁለት ጊዜ ይቋረጣል። ለጥቂት ሰከንድ ብቻ። ዳይሬክተሩ ከሥሩ በቀይ «እስከ ሐሙስ ይብራራ» ብለው ጽፈውበታል።

መዝገቡን ከፈተች። ትእዛዙ በየቀኑ የሚወጣው ከቀሩት ሁለት ቴክኒሻኖች በአንዱ፣ በሲ (አቶ) ሙንጂ ስም ነው፤ መስመሩን ዝጋ፣ ክፈት። ሲዘጋ የስልኩ መብራት ይጠፋል፣ ሲከፈት ተመልሶ ይበራል። የመጀመሪያው መቋረጥ ከትእዛዙ አንድ ደቂቃ ያህል ይቀድማል። የሪፖርቱና የመዝገቡ ሰዓቶች አልተስማሙም ማለት ነው ብላ አለፈችው።

ሲ ሙንጂ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ወር የቀራቸው ሰው ናቸው። ጓደኞቻቸው ከተበተኑ ወዲህ ከማንም ጋር አይበሉም። ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ እሳቸው ማሽኑ ፊት ይቀራሉ።

«ቀድሜ ነግሬሽ ነበር» አለ ሌላው ቴክኒሻን ዙበይር፣ የሽምብራ ሾርባውን፣ ላብላቢውን፣ በማንኪያ እያማሰለ። «ሰውዬው ቂም ይዟል። ዛሬ አንድ ስልክ፣ የሚወጣ ቀን ደግሞ አገሩን በሙሉ ዘግቶልሽ ይሄዳል።»

«ለምን ታታዊንን መረጠ?»

«የትውልድ ቦታው አይደል? በሚያውቀው እየተለማመደ ነዋ!»

ረቡዕ፣ ለሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል፣ ራድያ ከሲ ሙንጂ ወንበር አጠገብ ቆመች።

«የአሥራ አራተኛውን ክፍል መስመር የሚዘጉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

«ብልሽት አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ ለምን?»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። «የሥራ ጉዳይ አይደለም። ብነግርሽ ወይ ትስቂብኛለሽ፣ ወይ ታዝኚልኛለሽ። ሁለቱንም አልፈልግም። ሁለት ወር ታገሺኝ።»

«ዳይሬክተሩ እኮ የሰጡኝ እስከ ነገ ነው!»

«እንግዲያው የዛሬውን ብቻ ልጨርስ።»

ራድያ ለመቆጣት እንኳ አቅም አልነበራትም። ወደ ቦታዋ ተመልሳ የሳቸውን ስም ከፕሮግራሙ ሰረዘች። ሲ ሙንጂ የጨለመውን ስክሪን ጥቂት አዩት፤ ከዚያ ኮታቸውን አንስተው ወደ በረንዳ ወጡ።

ሰባት ሰዓት ሲሆን መስመሩ ተቋረጠ።

ራድያ ቀና አለች። ተመለሰ። ደግሞ ተቋረጠ። ሦስተኛ፣ አራተኛ። ዘጠነኛው ላይ ዙበይር ማንኪያውን ጥሎ መጣ።

«አላልኩሽም! በራሱ የሚሠራ ነገር ቀብሮበት ነው የወጣው!»

በበረንዳው በር መስታወት ሲ ሙንጂ ይታያሉ። የእጅ ስልካቸውን ደጋግመው ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ፤ የሚያነሳላቸው ያጡ ይመስላል።

«ተባባሪም አለው» አለ ዙበይር። «ለዳይሬክተሩ ደውዪ።»

«መጀመሪያ ጉዳቱን ልወቅ» አለች ራድያ፤ መዝገቡ ላይ ባገኘችው ቁጥር ወደ መጦሪያው ደወለች። ብዙ ጠርቶ አንዲት ነርስ አነሳች፤ ታለከልካለች።

«ከቱኒስ ነው፣ ከኔትወርኩ። የአሥራ አራተኛው ክፍል ስልክ ተበላሽቶባችኋል?»

«ስልኩማ ደህና ነው፣ እህቴ፤ ገመዱን እየነቀሉ የሚሰኩት አሮጊቷ ናቸው። መስማትም መናገርም አይችሉም፤ ልጃቸው በስልኩ መብራት ካልመለሰላቸው ደግሞ ምሳ አይቀምሱም።»