የገናው ዳቦ ዕድለኛ

ደሳንካ ስድስት ገና በተከታታይ ዕድለኛ ሆናለች። እንዲህ ያለውን ዕድል ለጠላትም አይመኙት።

በሰርቢያ ተራሮች በገና ዕለት ምሳ ላይ ሳንቲም የተደበቀበት ክብ ዳቦ ይቆረሳል፤ ሳንቲሙ የደረሰው ሰው የዓመቱ ዕድለኛ ነው። በእነ ወይዘሮ ስታሜና ቤት ግን ቅድመ አያት የተከሉት አንድ ተጨማሪ ሕግ አለ። ዕድለኛው እስከሚቀጥለው ገና ድረስ ሌላ ጣራ ሥር አያድርም፤ ካደረ የቤቱ ዕድል ተከትሎት ይወጣል። ላሟ ትነጥፋለች፣ የፕለም ዛፉ ይደርቃል፣ ሰው ይሞታል።

በመጀመሪያው ዓመት ደሳንካ ከተማ ነርስነት ልትማር ተመዝግባ ነበር፤ ሳንቲሙ ደረሳትና ቀረች። በሦስተኛው ዓመት እጮኛዋ ቤት ተከራይቶ ጠበቃት፤ ደረሳትና ቀረች። እሱም መጠበቁ ሲሰለቸው ሌላ አገባ። አሁን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። እናት አባቷ የሉም። ከአያቷ ከወይዘሮ ስታሜናና ላጤ ከሆነው አጎቷ ከራዶሳቭ ጋር፣ በረዶ ሲጥል መንገዱ በሚዘጋበት ኮረብታ ላይ ትኖራለች።

አክስቷ ሉቢንካ ቤልግሬድ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች፤ ለገና ለገና ትመጣለች። ዘንድሮ ለደሳንካ ሥራም መኝታም አዘጋጅታ፣ አዲስ ሻንጣ ገዝታ በዋዜማው ደረሰች።

«ሰኞ አብረን እንሄዳለን» አለቻት።

«ሳንቲሙ ካልደረሰኝ» አለች ደሳንካ። ሻንጣውን ተቀብላ ሳትከፍተው ከአልጋዋ ሥር ከተተችው።

ሉቢንካ እናቷን ከጠረጠረች ቆይታለች። ከአራት ሰው መሃል ስድስት ጊዜ! ሊጡን የሚያቦኩት ወይዘሮ ስታሜና ናቸው። አምና ደግሞ ትሪውን በዘዴ ወደ ልጅቱ ሲያዞሩት በዓይኗ በብረቱ አይታለች። ጉልበታቸው የታመመ የሰማንያ ዓመት አሮጊት፣ ውሃ የምትቀዳላቸውን፣ እግራቸውን የምታሽላቸውን ልጅ ለምን ይለቋታል? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብላ ሉቢንካ በገና ጧት ሽርጥ አሰረች።

«ዘንድሮ ዳቦውን የምጋግረው እኔ ነኝ።»

«እኔ በሕይወት እያለሁ?» አሉ ወይዘሮ ስታሜና።

«በሕይወት እያለሽ፣ እማዬ። ተቀምጠሽ።»

«የሱቅ ዳቦ ስትበዪ ኖረሽ፣ እጅሽ ሊጥ የሚባል ነገር ያስታውሳል?»

«እኔስ የምፈራው ለሆዴ ነው» አለ ራዶሳቭ።

ሉቢንካ ከቦርሳዋ የዲናር ሳንቲም አውጥታ ለሁሉም አሳየች። ከዚያ ማድ ቤት ገብታ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው።

ወይዘሮ ስታሜና ከበሩ አልተለዩም። ምርኩዛቸውን ተደግፈው በቀዳዳው ይጣራሉ።

«ሳንቲሙን አጥበሽዋል?»

«ታጥቧል!»

«ምድጃው በስተቀኝ ያሳርራል። ደሳንካ ትግባና ታዙርልሽ፤ ሁልጊዜ የምታዞረውም የምታወጣውም እሷ ናት!»

«ማንም አይገባም!»

ደሳንካ ማዕዱን ታሰናዳለች። ሳህን ታስቀምጣለች፣ ታነሳለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። ሁለት ጊዜ እስከ ማድ ቤቱ በር ሄዳ ተመለሰች።

«ምነው ፊትሽ እንደ ዱቄት ነጣ?» አላት አጎቷ። «ዘንድሮ ያልፍልሻል እኮ!»

«እንጃ» አለች፤ እጇን ከሽርጧ ኪስ አላወጣችም። ስድስት ጊዜ ከደጃፍ የተመለሰ ሰው ተስፋ ራሱ ያስፈራዋል።

ምሳ ደረሰ። ዳቦው ወርቅ መስሎ ወጣ፤ ወይዘሮ ስታሜና እንኳ እንከን አጡለት። ሉቢንካ የእናቷን ዓይን ዓይን እያየች ትሪውን ራሷ አንድ ሙሉ ዙር አዞረችው።

«ክርስቶስ ተወለደ!» አሉ ወይዘሮ ስታሜና።

«በእውነት ተወለደ!» አሉ ሦስቱ።

አራቱም ዳቦውን በየጎናቸው ይዘው፣ እንደ ወጉ ሦስቴ አሽከርክረው ጎተቱት። መሃል ላይ የተረፈው ቁራሽ ለመንገደኛ ተቀመጠ።

ራዶሳቭ ድርሻውን ፈረፈረው። «ባዶ! ዕድል እኔን ሲያይ መንገድ ይቀይራል።»

ወይዘሮ ስታሜና በጣታቸው እየዳበሱ ፈለጉ፤ ምንም የለም። ሉቢንካም የራሷን ገምሳ አሳየች፤ ምንም የለም።

«እንግዲህ ለመንገደኛው ደርሷል ማለት ነው» አለች ፈጠን ብላ። ቁራሹንም ማንም ሳይነካው በጨርቅ ጠቀለለችው። «የመንገደኛ ድርሻ አይነካም። በቃ፣ ደሳንካ፣ ሰኞ እንሄዳለን!»

ወይዘሮ ስታሜና አቀርቅረው ፍርፋሪያቸውን በጣታቸው ሰበሰቡ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ ሞልቶታል።

«ሂጂ፣ ልጄ» አሉ። «ስድስት ዓመት ሙሉ የጸለይኩት ይህንን ነው። አምና ትሪውን ያዞርኩትም እንዳይደርስሽ ብዬ ነበር። ጎረቤት ሁሉ እኔን ነው የሚያማው፤ ‹አሮጊቷ አስራ አስቀረቻት› እያለ። ሂጂልኝ። ለእኔ ራዶሳቭ አለልኝ።»

ሉቢንካ እፍረት ያዛት። ስንት ጊዜ በልቧ እንዳማቻቸው ትዝ ብሏት አቀረቀረች።

«አክስቴ» አለች ደሳንካ በቀስታ። «የኔን እኮ ገና አላየነውም።»

ቁራሿን በሁለት እጇ ይዛ ገመሰችው። ሳህኑ ላይ አንድ ነገር ኳ አለ።

ራዶሳቭ ራሱን ያዘ። «ሰባት! ኧረ ይህቺ ልጅ ተረግማለች!» ወይዘሮ ስታሜና ፊታቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ። ደሳንካ እንባዋ እየወረደ፣ «ምን ላድርግ፣ የቤቱን ዕድል ይዤ አልወጣ» አለችና ተነስታ ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች።

ሉቢንካ ዘንድሮ ሊጡ ውስጥ ምንም ሳንቲም አልጨመረችም ነበር።